ፋይበሩ ተገናኝቷል፤ የአስተዳደር መረጃውስ?

በአንድ የኦፕቲካል ፋይበር መስመር ላይ የተለያዩ አምራቾችን የማስተላለፊያ መሣሪያዎች አገናኝቶ ማሠራት የቴክኖሎጂ እንቆቅልሽ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የአንዱ አምራች መሣሪያ የላከውን የብርሃን ሞገድ የሌላው ተቀብሎ ያስተላልፋል። ችግሩ የሚገለጠው መስመሩ የተቆረጠ ዕለት ነው። በቁጥጥር ማዕከሉ የሁለቱ አምራቾች የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች በየራሳቸው ስክሪን ላይ በርካታ የማንቂያ መልዕክቶችን ይደረድራሉ፤ ሁለቱም ስለ አንድ ብልሽት ቢናገሩም አንዱ የሌላውን አያውቅም። የጥገና ቡድኑ ወደየት እንደሚሰማራ የሚወሰነውም ባለሙያዎች በስልክ ተነጋግረው መረጃውን በእጅ ካመሳከሩ በኋላ ነው። በዚህ መካከል የባንክ ቅርንጫፎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ሆስፒታሎች አገልግሎት ተቋርጦባቸው ይጠብቃሉ።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በደረሰበት፣ በአቅራቢው ብድር በተደገፈ የ1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የማስፋፊያ ሥራው በአመዛኙ ለአንድ አቅራቢ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮ ቴሌኮም ቀጣዩን የ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ለሁዋዌና ለዜድቲኢ አከፋፈለ፤ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያም ከዜድቲኢ ድርሻ የተወሰነው ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተላለፈ። የአቅራቢዎች መብዛት ለዋጋ ውድድር እንደሚበጅ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ አቅራቢ ጋር የራሱ ማስተዳደሪያ ሥርዓት፣ የራሱ የመልዕክት ቋንቋና የራሱ የፈቃድ ክፍያ አብሮ ይመጣል።

የችግሩ ምንጭ የመመዘኛ እጦት ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የቀድሞ አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 የኤስዲኤች የማስተላለፊያ ሥርዓትን መመዘኛዎች ሲያጸድቅ ሥርዓቱ ለአስተዳደር መረጃ የሚሆን መተላለፊያ በውስጡ የተሰናዳለት ነበር። ከምልክቱ ጋር አብረው የሚጓዙት ከዲ1 እስከ ዲ3 ያሉት ባይቶች በሰከንድ 192 ኪሎ ቢት፣ ከዲ4 እስከ ዲ12 ያሉት ደግሞ 576 ኪሎ ቢት መረጃ ይሸከማሉ። ቧንቧው አንድ ዓይነት ሆነ ማለት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ግን ተለያየ፤ ገሚሱ አምራች የኦኤስአይ ፕሮቶኮሎችን፣ ገሚሱ የኢንተርኔት ፕሮቶኮልን መረጠ። ፕሮቶኮሉ ሲገጥም እንኳ የመሣሪያው ክፍሎች፣ የብልሽቱ ዓይነትና የክብደቱ ደረጃ የሚገለጹበት ስያሜ አልገጠመም። በአንዱ ሥርዓት “ከባድ” የተባለው ማንቂያ በሌላው “ቀላል” ሊባል ይችላል።

ለዚህ የተሠራበት አንዱ መላ የአንዱን አምራች የአስተዳደር ባይቶች በሌላው መሣሪያ ውስጥ ሳይነኩ ማሳለፍ ነው። ይህ በሩቅ ያለውን መሣሪያ ለማግኘት ይረዳል እንጂ መረጃውን አያዋህድም። ሁለተኛው የየአምራቹን ሥርዓት ከበላይ ሆኖ ከሚሰበስብ አንድ ሥርዓት ጋር ማገናኘት ነው። የቴሌኮም ማኔጅመንት ፎረም ለዚህ የሚያገለግል የጋራ መገናኛ አዘጋጅቷል። ነገር ግን አምራቾች መገናኛውን የሚከፍቱት ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ በተሻሻለ ቁጥርም የማጣጣም ሥራው እንደገና ይመጣል። በቅርብ ዓመታት ተስፋ የተጣለበት ያንግ የተባለው የመረጃ መግለጫ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ኤቲኤንድቲ፣ ሲየና፣ ፉጂትሱና ኖኪያ የመሠረቱት ኦፕን ሮአደም እና በነጉግል የተጀመረው ኦፕን ኮንፊግ ለሁሉም አምራች የሚሆኑ የጋራ መግለጫዎችን አውጥተዋል። ሁለት የተለያዩ “የጋራ” መግለጫዎች መኖራቸው በራሱ የሚያስገርም ነው።

መረጃን መጋራት ሲባል ሁሉንም መረጃ ማለት እንዳልሆነም ሊጤን ይገባል። የብልሽት ማንቂያ፣ የመስመር ጥራት ልኬትና የመሣሪያ ዝርዝር ለመመልከት ብቻ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው። መሣሪያውን የማዘዝና አሠራሩን የመለወጥ ሥልጣን ግን የደኅንነት ጉዳይ በመሆኑ ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ አይገባም። ይህ ልዩነት ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉ ለውድድር ከተከፈተ በኋላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹ ላይ ያለውን ፋይበር ያከራያል። ከባሕር ኬብል ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ደግሞ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች የሚያልፉ በመሆናቸው ድንበር ላይ የሁለት ተቋማት መሣሪያዎች መገናኘታቸው የማይቀር ነው።

እንዲህ ባለው መስመር ላይ ጥራት ሲጓደል ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በመመዘኛው ውስጥ አለ። የኤስዲኤች ሥርዓት ስህተቱ በየትኛው ባለቤት ክልል እንደተፈጠረ ለይቶ የሚቆጥር ዘዴ ያለው ሲሆን፣ ተከታዩ ኦቲኤን ይህንኑ እስከ 6 እርከን ያደርሰዋል። ዘዴው የሚሠራው ግን በሁለቱም በኩል ሲከፈትና ውጤቱ ሲገለጽ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የሚፈለጉት ነገሮች እምብዛም የረቀቁ አይደሉም። የመሣሪያዎቹ ሰዓት ካልተናበበ የትኛው ማንቂያ እንደቀደመ አይታወቅም። የአዲስ አበባ–አዳማ መስመር በአንዱ መዝገብ በጣቢያ ኮድ፣ በሌላው በከተማ ስም ከተመዘገበም የትኛውም ሶፍትዌር አንድ መሆኑን በራሱ ሊያውቅ አይችልም።

ከአንድ አቅራቢ ብቻ መግዛት ይሻላል የሚሉ ወገኖች መከራከሪያ አላቸው፤ ሥራው ይፋጠናል፣ ተጠያቂውም አንድ ይሆናል። ሒሳቡ የሚለወጠው በቀጣዩ ማስፋፊያ ነው። ማስተዳደሪያ ሥርዓቱ የአንድ አምራችን መሣሪያ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሁለተኛ ተወዳዳሪ በዋጋ ቢያሸንፍ እንኳ የማገናኛ ወጪው በገዢው ላይ ይወድቃል። በመሆኑም የመገናኛው ዓይነት፣ የፈቃዱ ዋጋና ለምን ያህል ዓመት እንደሚያገለግል በጨረታ ሰነዱ ላይ መስፈር አለባቸው። መገናኛው ከሌላ አምራች ሥርዓት ጋር መሥራቱም በርክክብ ወቅት፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት፣ በተግባር ሊፈተሽ ይገባል። ውል ከተፈረመ በኋላ የሚቀርብ ተመሳሳይ ጥያቄ አዲስ የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ ይመለሳል።