«የበረዶ ግግር ጫፍ» ወይስ «ዓባይን በጭልፋ»?

በየስብሰባውና በየጽሑፋችን «ይህ የበረዶ ግግሩ ጫፍ ብቻ ነው» ማለት ለምደናል። እንግሊዞች እንዲህ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ግግር ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውኃ በታች ነው፤ በ1904 ዓ.ም. ታይታኒክ የተባለችውን መርከብ ያሰጠመው ይኸው ነው። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ግን በረዶ ሲባል የሚታየው ገብሱን የሚመታበት ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ዳሸን እንኳ ዛሬ የበረዶ ግግር የለውም።

ከብዙው ጥቂቱን ለማለት «ዓባይን በጭልፋ» አለልን። የተሸሸገ አደጋን ለመግለጥ ግን ይህ አይበቃም፤ ያን ጊዜ «የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ተሸሽጓል» ብለን በግልጥ እንናገር። ችግሩን የምንነግረው ሰው ነገራችን ካልገባው፣ መፍትሔውን አብሮን ሊፈልግ አይችልም።