የሻወር መስታወት በየዕለት ጥረጋ እንጂ በመርዝ አይጠራም



እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን የቤታችንን ቁልፍ ስንረከብ መታጠቢያ ቤቱ ባዶ ግድግዳ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እንደየአቅማችን ሴራሚክ አስለጥፈን፣ አንዳንዶቻችንም የላስቲክ መጋረጃውን አንሥተን የሻወር መስታወት አስገጥመናል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መስታወቱ ዓመት ሳይሞላው እንደ ጉም እየደበዘዘ ባለቤቱን ሲያናድድ፣ የቤት ሠራተኛዋንም ሲያስወቅስ እናያለን። ከዚህም አልፎ መስታወቱን ለማጥራት ሲባል የሰው ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ ስላየን ይህን በሰሌዳችን ላይ ማውጣት ግድ ሆኖብናል።

በመጀመሪያ ነጩ ነገር ምንድነው? ከሰው ገላ የወጣ እድፍ ብቻ አይደለም። ውሃው ይዞት የሚመጣው ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባል ማዕድን ነው። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ ከመሬት በታች ዓለቱን እያጠበ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ሻይ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ የሻወሩም መስታወት እንደዚያው ይሆናል ማለት ነው። ጠብታው ሲደርቅ ውሃው ተኖ ይሄዳል፣ ማዕድኑ ይቀራል። በዚህ ላይ ደረቅ ሳሙና ሲጨመርበት ሁለቱ ተያይዘው የሚጣበቅ ሽፋን ይሠራሉ። ስለዚህ ሠራተኛዋ ትናንት ያጠበችው መስታወት ዛሬ ነጭ ቢሆን ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከእሷ በኋላ ታጥቦ ሳያደርቅ የወጣው ሰው ነው። «ምነው ዛሬም አልወለወልሽውም?» ብለን ከመጮኻችን በፊት ይህን ብናስብ መልካም ነው።

መድኃኒቱ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ታጥቦ የጨረሰ ሰው ሁሉ፣ አባወራም ይሁን ልጅ፣ ከመውጣቱ በፊት መስታወቱን ያድርቅ። የመኪና መስታወት የሚጠረግበት ዓይነት እጀታ ያለው የጎማ መጥረጊያ ቢገኝ ከላይ ወደ ታች እየሳቡ፣ በየመሐሉ ጎማውን በጨርቅ ማበስ ነው። ካልተገኘ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ውሃም አይጠይቅም። ውሃ በፈረቃ እያገኘን፣ ሮቶ ሞልተን እየጠበቅን ላለን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በደረቅ ሳሙና ፈንታ ፈሳሽ ሳሙና የሚጠቀም ደግሞ ሽፋኑ ይቀንስለታል። ከታጠቡ በኋላ መስኮቱን ከፈት ማድረግም ሻጋታን ይከላከላል።

ነጩ ነገር ጋግሮ ከሆነ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መቀባት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አሸት አሸት አድርጎ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ወዲያው ማድረቅ ነው። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል። በጣም የጋገረው በአንድ ቀን ላይለቅ ይችላል፤ ደጋግሞ መቀባት ነው። ወለሉ ወይም ግድግዳው እብነ በረድ የሆነበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ አቼቶም ሎሚም እብነ በረድን ይበላል። በብረት ሽቦ፣ በአሸዋም ሆነ በአመድ መፈተግ መስታወቱን ይቧጭራል፣ ጭረቱም አይለቅም። የማድረቂያው ጨርቅ እርጥብ ወይም ቅባት የነካው ከሆነ መስመር መስመር ያወጣል። መስመሩ በየትኛው በኩል እንዳለ ለማወቅ ውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ ውጭውን ከግራ ወደ ቀኝ መጥረግ ነው፤ እንደ መስመሩ አቅጣጫ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በረኪና ነጩን ቅርፊት አያስለቅቅም። በረኪና የሚያነጣው ሻጋታን ነው እንጂ ማዕድንን አያሟሟም። ይህን ያላወቀ ሰው በረኪናው አልሠራ ሲለው የሽንት ቤት አሲድ ወይም አቼቶ ይጨምርበታል። ኧረ ይህ አይደረግ! በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዓይንን ያቃጥላል፣ ሳንባን ይጎዳል፣ ሲብስም ይገድላል። በእኛው ግቢ አንዲት የቤት ሠራተኛ በሩን ዘግታ ሁለቱን ቀላቅላ ስትፈትግ ትንፋሽ አጥሯት ጎረቤት ደግፎ አውጥቷታል። ልጅቱ ያደረገችው የታዘዘችውን ነው፤ እንዳትቀላቅል የነገራት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ሁሉንም ጥሎ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት የሚቻለው ሳይቆዩ ከሆነ ብቻ ነው። ለማጠብ ብሎ ተመልሶ መግባት የለም። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በረኪናም ሆነ አሲድ በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ ይቅር። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በመሆኑም አባላት ሦስት ነገር እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የታጠበ ያድርቅ። ሁለተኛ፣ በረኪና ከማንኛውም ነገር ጋር እንዳይቀላቀል በየቤቱ ለሚሠሩት ሁሉ በቃል ይነገር፤ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ሰሌዳ ብቻ አይበቃም። ሦስተኛ፣ በሩ ተከፍቶ ይጸዳ።

መስታወት ቢደበዝዝ ይወለወላል፣ ቢሰበር ይተካል። የሰው ሳንባ ግን ምትክ የለውም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት