ከበር የማይወጣው አጥሚት



እንደሚታወቀው በትምህርት ቤታችን የጠዋት አጥሚት ሲታደል አንድ ደንብ አለ። ይኸውም «የተቀዳልህን እዚሁ ጠጥተህ ጨርስ፤ ይዞ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ነው። ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን በቆርቆሮ ጣሳ ገልብጦ ከደብተሩ ጋር ሲደብቅ ያዝኩት። «ለማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ለእኅቴ» አለኝ። እኅቱ ለትምህርት ያልደረሰች ሕፃን ናት። እኔም ደንብ ደንብ ነው ብዬ አጠገቡ ቆሜ አስጨረስኩት። ልጁ እያለቀሰ ጠጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ትምህርቱ ስለ ንብ ነበር። እንደ ልማዳችን «ከንብ ታታሪነትን ተማሩ» ብዬ ጀመርኩና ስለ አመጋገባቸው ስደርስ አፌ ተያዘ። የጠዋቱን ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አየሁታ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀሳሚ ንብ ከአበባ የሰበሰበችውን ፈሳሽ የምትይዘው ከጨጓራዋ በፊት ባለ ከረጢት ውስጥ ነው። በከረጢቱና በጨጓራዋ መካከል የሚከፈትና የሚዘጋ እንደ በር ያለ ነገር አለ። በዚያ በር ለራሷ የሚበቃትን ጥቂት ታሳልፋለች፤ የቀረው የቀፎው ነው። ቀፎ ስትደርስ አፏን ትከፍታለች፣ ተቀባይዋ ንብም ምላሷን ዘርግታ ትቀበላታለች፤ ከዚያም ለሌላዋ ታቀብላለች። ጉንዳኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኦገስት ፎረል የተባለው የስዊስ ሐኪምና የጉንዳን ተመራማሪ ይህን ከረጢት የማኅበር ሆድ ብሎታል። እኛ አውራ እያልን በወንድ ስም የምንጠራት የንቦች እናት እንኳ የምትበላው ከሠራተኞቹ አፍ እየተቀበለች ነው።

ይህ ቅብብሎሽ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒክሰንና ሪባንድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ውስጥ ያደረጉትን ሙከራ ውጤት አሳተሙ። 24 ሺህ ያህል ንቦች ካሉበት ቀፎ ስድስት ንቦች ብቻ ጨረር የሚያመነጭ ፎስፈረስ የተቀላቀለበት የስኳር ውሃ እንዲቀስሙ አደረጉ። ከአንድ ቀን ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ከቀፎው ንቦች ግማሽ ያህሉ ከዚያ ስኳር ደርሷቸው ተገኘ። ስድስት ንቦች ያመጡት ነው እንግዲህ!

ለእኔ ግን ከፍጥነቱ ይበልጥ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ምግቡ ሲተላለፍ ወሬም አብሮ ይተላለፋል። ቀሳሚዋ ያመጣችውን ቶሎ የሚቀበላት ካገኘች ቀፎው እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ተቀባይ ፍለጋ ብዙ ከተንከራተተች ደግሞ መደብሩ እንደሞላ ትረዳለች። ማንም ሳይመዘግብ፣ ማንም ካርድ ሳይቀድ፣ ቀፎው መራቡንና መጥገቡን ያውቃል።

ከአጥራችን ጀርባ ኩይሳውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ውስጥ ያሉት ወታደር ምስጦች መንጋጋቸው ለውጊያ ስለተሠራ ራሳቸውን መመገብ አይችሉም፤ ሠራተኞቹ ያጎርሷቸዋል። ጉንዳኖች ዘንድ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር አለ። ያደገ ጉንዳን ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነ ጠጣር ምግብ መዋጥ አይችልም። ስለዚህ በአንዳንድ ዝርያዎች ጠጣሩን ለእጮቹ ያቀርቡላቸዋል። እግር እንኳ የሌላቸው እነዚያ ትንንሾች ፈጭተው ፈሳሹን ለታላላቆቻቸው ይመልሳሉ። ትልቁ ትንሹን ብቻ ሳይሆን ትንሹም ትልቁን ያበላል ማለት ነው። በዚህ ካምፕ ውስጥ ይህን ያላየ መምህር ያለ አይመስለኝም።

እርግጥ ነፍሳትን አለልክ ማመስገን አይገባም። ንቦች ችግር ሲመጣ ድንጉላዎቹን ከቀፎ አስወጥተው በረሃብ ይገድሏቸዋል። ደግሞም የሚካፈሉት የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ ነው፤ የጎረቤት ቀፎ ንብ ለመዝረፍ ብትመጣ ይነድፏታል። እኛ ግን ከልዩ ልዩ አገር መጥተን በአንድ ቧንቧ የምንሰለፍ ነን። ሌላም አለ። ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ስኳር ብቻ አይደለም። ጉንዳን ማጥፋት የሚፈልጉ ሰዎች ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ከጣፋጭ ነገር ጋር ያስቀምጣሉ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተሸክመው እስከ እናታቸው ያደርሱታል። ኮሌራ በሚፈራበት ወቅት አንድን ኩባያ ለአምስት መቀባበልም ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጨካኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። አጥሚቱ የተመደበው ለተማሪው ነው፤ ልጁ ካልጠጣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ጠረጴዛ ላይ ይጥላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለገበያ የሚወስድ እንዳይኖር መፍራታቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ደንቡ ልጆቹን መካፈል አላስተዋቸውም፤ መደበቅን ግን አስተማራቸው። በቆሻሻ ጣሳ የተደበቀ አጥሚት እስከ ቀትር በዚህ ሙቀት ይኮመጥጣል፣ ከዚያ በኋላ ሕፃን ይጠጣዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትምህርት ቤቱ የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ አለማወቁ ነው። ራሽን በሚቀነስበት ወር ይህን ከማንም ቀድሞ ሊነግረን የሚችለው ያ ጣሳ ነበር። እኔ ግን አስከፍቼ አስጨረስኩት።

በበኩሌ የምለው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያ የራሱን ኩባያ እዚሁ ይጠጣ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ከድስቱ ሥር የሚተርፈው ቤታቸው ታናናሽ ላሏቸው ልጆች ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይሰጥ። የቤት ጉዳይ ስለሆነ ልጁ በጓደኞቹ ፊት እጁን እንዲያወጣ አይጠየቅ፤ ለክፍል ኃላፊው መምህር ለብቻው ይንገር። መምህሩም ይመዝግብና ለኮሚቴው ያሳውቅ። ሰልፉ ይረዝማል የሚሉ ይኖራሉ። ይርዘም፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ማዘግየት እንችላለን።

በሚቀጥለው የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትቃወሙ ወላጆችም መጥታችሁ ተናገሩ። በተለይ አጥሚቱን የምትቀዱልን እናቶች እንዳትቀሩ፤ ከድስቱ ሥር በየቀኑ ስንት ኩባያ እንደሚተርፍ ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።