የወንጀል አኃዝ ሲነበብ
የፖሊስ ተቋማት ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ ይህን ያህል ቀነሰ ወይም ጨመረ ማለት የተለመደ ነው። ይሁንና መቶኛ ብቻውን እውነታውን አያሳይም።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ሁኔታ ለዚህ አብነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ተቋቁሟል። ስለሆነም ከዚያ በፊትና በኋላ የቦሌ አኃዝ የሚሸፍነው መሬትም ሆነ ሕዝብ አንድ አይደለም። ወንጀሉን በነዋሪ ብዛት አካፍሎ ማስላትም ቀላል አይሆንም፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ተስፋፍተዋል።

ያልተመዘገበ ወንጀልም አለ። ስልኩን የተነጠቀ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሳያመለክት ሲቀር አኃዙ ይወርዳል፤ ስጋቱ ግን ባለበት ይቆያል። በአንጻሩ ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት ሲያድግ የአቤቱታው ቁጥር ሊጨምር ይችላል።

በመሆኑም ሪፖርቱ ከመቶኛው ጋር ጥሬ ቁጥሩን፣ የወንጀሉን ዓይነት፣ ወረዳውንና ሰዓቱን፣ ውሳኔ ያገኙ መዝገቦችንም ብዛት ሊይዝ ይገባል። ከብቱን ሸጦ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ አርሶ አደርም ሆነ አምሽቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ነዋሪ ራሱን ለመጠበቅ የሚሻው ወንጀሉ የትና መቼ እንደሚፈጸም ማወቅ ነው።