«የማን ነው?» ከማለታችን በፊት

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ አንድ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድና ታሪኩን ሰምተው ስለተከራከሩ ሴቶች ነው። ክርክሩ ከመጽሐፉ ተነሣ እንጂ በመጽሐፉ አላበቃም።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው «ክሬድል ኤንድ ኦል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 «ቨርጂን» በሚል ርዕስ ያወጣውን ታሪክ እንደገና ጽፎት ነው በዚህ ስም ያወጣው። አንዲት ልጅ በአሜሪካ፣ ሌላዋ በአየርላንድ፣ ሁለቱም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ ወንድ ሳያውቁ ያረግዛሉ። በዚያው ሰሞን በዓለም ላይ በሽታና ረሃብ ይበረታል። ቀድሞ መነኩሲት የነበረች አንዲት መርማሪ ነገሩን እንድታጣራ ትላካለች። ከሁለቱ ሕፃናት አንዱ ለመዳን፣ ሌላው ለጥፋት የሚወለድ ነው ስለሚባል፣ አንባቢው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሲል እንቅልፉን አጥቶ ያድራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ እያነበበች ለጓደኞቿ በአማርኛ የምትተርክላቸው፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣት ናት። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ፓርክ መንግሥት ከገነባቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ነው። ልብስ ይሰፋበታል፣ ጫማና የቆዳ ጓንት ይመረትበታል። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከክፍለ ሀገር መጥተው ለሦስትም ለአራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማልደው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። እሑድ ደግሞ ልብስ ይታጠባል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። ትረካውም የሚቀጥለው ያኔ ነው። እኔም በአንዱ እሑድ ከቡናው ደርሼ አብሬ አዳመጥኩ።

ታሪኩን ሁሉም በእኩል አልተቀበሉትም። አንዷ ገና ሲጀመር ተቆጣች። «ይህ ነገር በዓለም ላይ አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ሁለተኛ የለውም። እንዲህ ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው» ብላ ጆሮዋን ያዘች። ከግቢው ግን አልወጣችም። ሌላዋ ሳቀችና «ቆይ፣ ወንዱ የት ሄዶ ነው?» አለች። እሷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የምትፈልገው የተደበቀውን ወንድ ነበር። ካገባች ዓመታት አልፏት ልጅ ያላገኘች አንዲት ሴት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ለማይፈልጉት እንዴት ይሰጣል?» አለች። ለዚህ መልስ የሰጣት የለም።

ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ተራዋን ጠብቃ ጠየቀች። «ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ ጋዜጠኛውም፣ ቤተሰቡም ስለ ልጅቱ ይከራከራሉ። ለመሆኑ ልጅቱን ‹አንቺስ ምን ይሰማሻል?› ያላት ሰው አለ?»

እኔም የዚህን ወር ገጽ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

በተአምር መፀነስ ለኛ ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም፤ በዓመቱ በዓሎቻችን ውስጥ አለ። መጋቢት 29 የብሥራቱን፣ ታኅሣሥ 29 የልደቱን ቀን እናከብራለን። በፍልሰታ ጾም መካከል ነሐሴ 7 ጽንሰታ ለማርያም ይባላል፤ መካን የነበሩት ኢያቄምና ሐና ልጅ መፀነሳቸው የሚታሰብበት ነው። ግንቦት 1 ለልደታ ንፍሮ ቀቅለን ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥተን የምንበላው ለዚያች ልጅ መወለድ ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያም ልጃቸውን ያገኙት ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ እንደሆነ ገድሉ ይተርካል።

እነዚህን ታሪኮች ልብ ብለን ካየናቸው፣ በአብዛኛዎቹ ውስጥ ሴትየዋን የሚጠረጥር ወይም የሚያሳፍር ሰው አለ። የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። ነገሯን ሲሰማ ግን መርቆ አሰናበታት። ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ከሰው ዓይን ተሸሽጋ ቆየች። ዮሴፍ እጮኛው መፅነሷን ባወቀ ጊዜ በስውር ሊተዋት አስቦ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ እመቤታችን ማየ ዘለፋ እንድትጠጣ መደረጉ ይነገራል፤ ንጽሕናዋ በውኃ ተፈተነ ማለት ነው። በግቢው የነበረች ሙስሊም ልጅ እንዳስታወሰችን፣ በቁርኣንም መርየም ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ዘመዶቿ ስትመለስ ነቀፋ ይጠብቃታል፤ የሚመሰክርላትም በአንቀልባ ዕድሜ ያለው ሕፃን ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የምትፈተነው ሴቷ ብቻ አይደለችም፤ በዙሪያዋ ያለው ሰውም አብሮ ይፈተናል። ዔሊ ተሳስቶ ታረመ፤ ዮሴፍ ለማዋረድ አልቸኮለም። ብሥራቱም ቢሆን የተነገረው በቅድሚያ ለራሷ ለድንግሊቱ ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል ብላ ጠይቃለች፤ መልስም ተሰጥቷታል። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ ሴቷን ከሰውነት ወደ ማስረጃነት ያወርዳታል። እኛም በየቤታችን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ባሉ ታሪኮች ውስጥ ልጅቱ «ድንግል መሆኗ በሐኪም ተረጋገጠ» ሲባል እናነባለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሴት ከወንድ ጋር ተኝታ እንደሆነና እንዳልሆነ በአካል ምርመራ ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው፣ ለሴቶችም ጎጂ የሆነ ተግባር ስለሆነ እንዲቆም ጠይቋል። የወንድ ዘር ከብልት አፍ አጠገብ ከፈሰሰም፣ ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም፣ እርግዝና ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ «ከማንም ጋር አልተኛሁም» የምትልን ልጅ ውሸታም ብሎ ለመፍረድ መቸኮል ተገቢ አይደለም። አንዳንዴ ዝምታዋ የሚደብቀው ፍቅረኛ ሳይሆን ጥቃት ሊሆን ይችላል። የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ታገኛለች፤ እርግዝናን የሚከላከለውን ደግሞ እስከ አምስት ቀን ድረስ መውሰድ ይቻላል፤ በፈጠነ መጠን ግን ይሻላል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ሰለባዎች የሕክምናና የሕግ አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

አሁን ደግሞ ልጅ አጥታ ወደተከዘችው ሴት እንመለስ። ለእሷ የተአምር ወሬ ጨዋታ አይደለም፤ የዘወትር ጸሎቷ ነው። አደጋው የሚመጣውም ይህን ጸሎት ሊነግድበት ከሚፈልግ ሰው ነው። ከጎረቤታችን ከኬንያ የተነሣ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሣ። ለንደን ውስጥ ያገለግል የነበረው ኬንያዊው ሰባኪ ጊልበርት ዴያ፣ መካን ሴቶች በጸሎቱ እንደሚያረግዙ ይናገር ነበር። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ የወር አበባቸው ከተቋረጠ የቆዩ ናቸው። በእንግሊዝ ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ፅንስ አልተገኘም። ወደ ናይሮቢ ይሄዱና ግን ሕፃን ታቅፈው ይመለሳሉ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2004 አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ ሕፃን ጉዳይ ላይ ሕፃኑ ከእናት ነኝ ባይዋ እንዳልተወለደና የሕፃናት ንግድ ሰለባ እንደሆነ ወሰነ። ሰባኪው እ.ኤ.አ. በ2017 ለኬንያ ተላልፎ ተሰጠ፤ በ2023 ግን ፍርድ ቤቱ ማስረጃው አይበቃም ብሎ በነፃ አሰናበተው። ባለቤቱ ከዚያ ቀደም ሕፃን በመስረቅ ተፈርዶባት ታስራለች።

ይህን ስናገር ከጓደኛሞቹ አንዷ «ሴቶቹ እንዴት ተታለሉ?» አለችኝ። መልሱ ከሚመስለን ይልቅ ቀላል ነው። ልጅ አጥብቃ የምትመኝ ሴት ፅንስ ሳይኖር የወር አበባዋ ሊቀር፣ ሆዷ ሊገፋ፣ ጡቷ ሊያግት፣ የልጅ እንቅስቃሴም ሊሰማት ይችላል። ሕክምናው ያውቀዋል፤ የሐሰት እርግዝና ይለዋል። ሴትየዋ አልዋሸችም፤ ሰውነቷ የተሰማውን ነው የተናገረችው። እንዲህ ያለችውን ሴት ማሾፍ ልቧን ይሰብራታል፤ ከሐኪም እንድትርቅ ማድረግ ደግሞ ለነጋዴ አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ መለያው ምንድን ነው? እኔ እንዲህ እላለሁ። «ለሐኪም አታሳዪ፣ ለባልሽ አትንገሪ፣ መጀመሪያ ክፈዪ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። እውነተኛ ተአምር አልትራሳውንድ አይፈራም። ጸበልና ሕክምናም የሚጣሉ አይደሉም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ይጠመቁ የነበሩ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እያቋረጡ በተቸገሩ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው አይዘነጋም። የልጅ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ የሆነ ወቅት የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ምክንያቱ ከሴቷ ብቻ አይደለም፤ ከወንዱም፣ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ጸበል ለጸበል የምትንከራተተው እሷ፣ «ሌላ አግባ» የሚባለው እሱ ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ በስድስት ወር፣ ሁለቱም አብረው መመርመር አለባቸው። ከማኅፀን ውጭ በተፀነሰ ፅንስ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ተወልዳለች። በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህንን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ከፍቷል።

በመጨረሻ በፓርኩ ስላሉት ልጆች አንድ ነገር ልበል። ከስፌት መስመር ላይ ተቀምጣ ማርገዟን ያወቀች ልጅ የሚያስጨንቃት ምሥጢሩ ብቻ አይደለም፤ ሥራዋም ነው። ሕጉን ታውቀው ዘንድ ላስታውሳት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ጋ ስትሄድ፣ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበች፣ ደመወዟ አይቆረጥም። በማርገዟ ምክንያት ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው፤ ጥበቃው ከወለደች በኋላም እስከ አራት ወር ይቀጥላል። ያገባች ትሁን ያላገባች አዋጁ አይለይም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ወሊድም በነፃ ነው።

መጽሐፉን አንብቡት ወይስ አታንብቡት? «ድፍረት ነው» ያለችውን ልጅ ስሜት አከብራለሁ፤ ለእምነቷ የምትቀና ሰው ባትወደው አይፈረድባትም። ወንዱን የፈለገችውም አልተሳሳተችም፤ በእርግዝና ወሬ ውስጥ ወንዱን ማንም አይጠይቀውምና። እኔን ግን የበለጠ ያሳሰበኝ የታናሿ ጥያቄ ነው። እህት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ «አረገዝኩ» ብላ ስትመጣ፣ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ካፋችን ሊወጣ ይቸኩላል። ይቆየን። መጀመሪያ «አንቺስ እንዴት ነሽ? ምግብ በላሽ? ሐኪም አይቶሻል?» እንበላት። ይህን የተጠየቀች ልጅ ጊዜው ሲደርስ የቀረውን ራሷ ትነግረናለች። ልጅ አጥታ የምትጸልየውንም «መቼ ነው የምትወልጂው?» እያልን አናስጨንቃት፤ ቡናውን ጠጥተን፣ ጎኗ ተቀምጠን ብቻ እንዋል።

እናንተስ? በቤታችሁ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ በመጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት። ወር ሰው ይበለን፤ ቸር እንሰንብት።