ካሜራው ይገዛ፤ ግን ለቅጠል ተብሎ አይሁን

ሰሞኑን በየሻይ ቤቱም በየቢሮውም የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። አዴት ለምንወጣበት የመስክ ልምምድ ካሜራ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የታሰበው ሶኒ አርኤክስ100 ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ዋጋው ግን እንደ ትልቅ ካሜራ የሚያስደነግጥ ዕቃ። በምክንያትነት የቀረበውም «የስንዴ ቅጠል በሽታን በቅርብ ለማንሣት» የሚል ነው። እኔ ግዥውን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልቀበልም። ላልሆነ ሥራ ከተገዛ መስከረም ላይ «ይሄ ነገር አይረባም» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማን ያወጣዋል?

ካሜራውን የማውቀው በወሬ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ስላለው እየተዋስኩ ብዙ ይዤው ዞሬያለሁ።

በደግ በደጉ ልጀምር። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ያስገረመው ነገር በዚያች ትንሽ ገላ ውስጥ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር መያዙ ነው። ይህም በጊዜው በተለመዱት የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ከነበረው በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሴንሰር ማለት እንግዲህ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ሲሰፋ ጨለም ባለ ቦታ የሚነሣው ፎቶ አይሻክርም። ሌንሱም ዙሙ ሳይነካ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል ብትሉ፣ የዘር ድንች ማከማቻውን አስቡት። ዘሩ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ የተበተነ ብርሃን እንዲያገኝ የሚደረገው ቡቃያው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን ነው። የታችኛው መደርደሪያ ግን ጨለም ይላል። በስልክ ካነሣችሁት ቡቃያውና ጥላው ይቀላቀላል፤ ፍላሽ ካበራችሁ ደግሞ ሁሉም ነጭ ሆኖ ቁጭ! እዚያ ቦታ ይህ ካሜራ ጌታ ነው። ዙሙን አትንኩ እንጂ። ዙሙ እስከ መጨረሻው ከተሳበ ሌንሱ ወደ ኤፍ 4.9 ስለሚጠብ የሚገባው ብርሃን ከሰባት እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። ስልክ ፎቶን ያሳምራል፤ አረንጓዴውን ይበልጥ አረንጓዴ ያደርገዋል። ለሠርግ ጥሩ ነው፤ ማሳው መገርጣት አለመገርጣቱን ለሚያጠና ተማሪ ግን ውሸት ነው። ይህ ካሜራ ያልተነካካ ጥሬ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ ከማሳው ጋር አንድ ነጭ ወረቀት አብሮ ከተነሣ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል ይቻላል።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ቢጫ ዋግ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን ስንዴ ላይ ያደረሰውን፣ በተለይ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንደመታ በክፍል ተምረናል። ምልክቱ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር የሚደረደር ደቃቅ ቢጫ ዱቄት ነው። ይህን ለማንሣት መቅረብ ያስፈልጋል። ካሜራው እስከ 5 ሳንቲሜትር የሚቀርበው ግን ዙሙ ሳይሳብ ብቻ ነው፤ ያን ያህል ሲጠጋ ደግሞ የራሱ ጥላ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ጥላውን ለመሸሽ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳብ ካደረጋችሁ 55 ሳንቲሜትር መራቅ ግድ ነው፤ ቅጠሉም ክር ያህላል። ያ ያመሰገንነው ሰፊ ሴንሰር እዚህ ይጎዳናል፤ በቅርብ ሲነሣ የጠራው የቅጠሉ አንድ ጎን ብቻ ሆኖ ሌላው ይደበዝዛል። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ቅጠል አጥርቶ ይይዛል። ስልክ ላይ የእጅ ማጉያ መነጽር ደቅኖ ማንሣት ለዚህ ሥራ ይበልጣል፤ ወጪውም የማጉያው ብቻ ነው።

«እንግዲያው ሌንሱ የሚቀየር ትልቅ ካሜራ ይገዛ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ለቅጠል እውነታቸውን ነው። ግን እኮ አዴት ላይ የጤፍ ውቂያ ሲደርስ አውድማ ላይ ቆሞ ሌንስ መቀየር ማለት እብቁን ካሜራው ሆድ ውስጥ መዝራት ነው። ትልቅ ካሜራ ሲደገንባቸውም ገበሬዎቹ መንሹን ጥለው፣ ጋቢ አስተካክለው፣ እንደ ወታደር ይቆማሉ። የኪሷ ካሜራ ሥራውን አታስቆምም። እሷም ብትሆን ከአቧራ የሚከላከል ማሸጊያ የላትም፤ ሌንሷ እየወጣ እየገባ ስለሚሠራ አቧራ ይዞ መግባት ይችላል። ስለዚህ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆሞ ማንሣት፣ ሲነሣ ደግሞ ጠፍታ ፌስታል ውስጥ መግባት አለባት።

ባትሪዋ በአንድ ሙሌት 330 ፎቶ ያህል እንደሚያነሣ ኩባንያው ይናገራል፤ የሚሞላውም በድሮው ስልክ ቻርጀር ስለሆነ መብራት በሌለበት ፓወር ባንክ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሞዴል ግን ዋይፋይ የለውም። ያነሣናቸው አባት «በሉ ለልጄ ላኩለት» ሲሉን ምን እንመልሳለን? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሦስተኛው ሞዴል ዋይፋይ አለው፤ ሌንሱም ዙም ሲሳብ ከኤፍ 2.8 በታች አይጠብም። ያገለገለ ሦስተኛ ከተገኘ እሱ ይመረጥ ባይ ነኝ።

ስለ ዋጋም ላንሣ። የመጀመሪያው ሞዴል ሲወጣ 650 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት ይህ በባንክ 37 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ከ65 ሺህ ብር ይበልጣል። ለዚህ ነው አዲስ አይገዛ የምለው።

የቀረኝ ነገር ሞዴል 22 ነው። ዕቃው በአንድ ተማሪ ስም ወጥቶ «ቢበላሽ ትከፍላለህ» ከተባለ ማንም ኪሱ ውስጥ አይከተውም። በቡድን ስም ይውጣ፤ አብሮን የሚወርደው መምህርም ይፈርምበት። ይህ ከግዥው በፊት በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ይወሰን።