እንግሊዝኛን ማን አበላሸው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የአርታኢነት ሥራ ተፈትኜ ወደቅሁ። ወረቀቴን ያረሙት ሰው፣ ስማቸው ይቆየንና፣ አንዱን ዓረፍተ ነገሬን ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪፕቶ ሰርዘውታል። ጥፋቴ «ሆፕፉሊ» የሚለውን ቃል «ነገ እንደሚዘንብ ተስፋ እናደርጋለን» ለማለት መጠቀሜ ነው። «ቃሉ ‹በተስፋ ተሞልቶ› ማለት ብቻ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ተስፋ አያደርግም» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። የሚቆጨኝ የቀረብኝ ሥራ አይደለም፤ አፌን ዘግቼ መውጣቴ ነው። መልሴ ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ እነሆ።

ለመሆኑ እንግሊዝኛ «ተበላሸ» መባል የጀመረው መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1712 ጆናታን ስዊፍት ቋንቋው ሳይከፋ ተስተካክሎ ባለበት እንዲጸና የሚያደርግ ጉባኤ ይቋቋም ብሎ ለመንግሥት ጽፏል። ይህ ሰው ከላቲን ተቆርጦ የመጣውን «ሞብ» የሚለውን ቃል አጥብቆ ይጠላ ነበር። ዛሬ ሁከተኛ ሕዝብን «ሞብ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ማን ቀይ እስክሪፕቶ ያነሣበታል? እ.ኤ.አ. በ1789 ደግሞ ቤንጃሚን ፍራንክሊን «ኖቲስ»፣ «አድቮኬት» እና «ፕሮግረስ» ግስ ሆኑ ብሎ ለመዝገበ ቃላት ሰው ለኖህ ዌብስተር አቤት አለ። ሦስቱም ዛሬ ግስ ናቸው፤ ሰማይ አልተደፋም። ሳሙኤል ጆንሰንማ ቋንቋውን ባለበት ላቁመው ብሎ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ምኞቱ ከንቱ እንደነበር ራሱ ተናዟል።

ጉዱ የፈላው ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በፊሊፕ ጎቭ አርታኢነት «ዌብስተር ሦስተኛ» የተባለው ግዙፍ መዝገበ ቃላት ወጣ። የመጽሐፉ ኃጢአት አንድ ነው፦ ሰዎች እንዴት መናገር እንዳለባቸው ከመፍረድ ይልቅ እንዴት እንደሚናገሩ መዝግቦ አስቀመጠ። «ኤይንት» የሚለውን የሰፈር ቃል በርካታ ተናጋሪዎች እንደሚጠቀሙበት ቢጽፍ፣ «ኒው ዮርክ ታይምስ» እና «ላይፍ» በርእሰ አንቀጽ ወረዱበት። በማግስቱ ዓመት ድዋይት ማክዶናልድ በ«ኒው ዮርከር» ረጅም የውግዘት ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የታተመው የሬክስ ስታውት «ጋምቢት» የተባለው የወንጀል ልብ ወለድ ሲጀምር፣ መርማሪው ኒሮ ዎልፍ ይህንኑ መዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ እየገነጠለ ምድጃ ውስጥ ሲማግደው እናገኘዋለን። (መጽሐፍ ማቃጠል ለቋንቋ ፍቅር ምልክት የሆነበት ዘመን ነው እንግዲህ።) አንድ አሳታሚ ድርጅትም የመዝገበ ቃላቱን ባለቤት ኩባንያ ሊገዛው ሞክሮ አልሆነለት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 «አሜሪካን ሄሪቴጅ» የተባለውን የራሱን መዝገበ ቃላት አወጣ፤ ለዳኝነትም መቶ ያህል ጸሐፍትንና ምሁራንን ሰበሰበ። ዳኞቹስ ተስማሙ? በስንቱ ቃል ላይ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ! ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2018 ተበተነ።

እንግዲህ «የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም የጥንቱ ነው» የሚሉን ሰዎች እስከ መጨረሻው ይሂዱልና። «ናይስ» ከላቲን ሲወረስ «አላዋቂ» ማለት ነበር፤ እንግሊዝኛ ሲገባም «ቂል» ማለት ሆነ። ታዲያ ፈታኜን «ናይስ» ሰው ናቸው ብላቸው ሊያመሰግኑኝ ነው ወይስ ሊከሱኝ? «ገርል» በመካከለኛው ዘመን ወንድ ልጅንም ይጨምር ነበር። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሚበላ ሁሉ ነበር። «ዘይ» ለአንድ ሰው አይሆንም ብለው የሚቆጡም አሉ፤ አጠቃቀሙ ግን ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ አለ። «ሊትራሊ» ለማጋነን ዋለ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ጋዜጦች ሲጮኹ፣ ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው «ቶም ሶየር» ውስጥ እንዲሁ እንደተጠቀመበት ስንቱ አስታወሰ?

ያሻው ሁሉ እንዳሻው ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ከቦቴ ጀርባ የሚጻፈውን ቃል እንውሰድ። «ኢንፍላመብል» ማለት «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ነው፤ ነገር ግን መነሻው ላይ ያለችው «ኢን» አፍራሽ እየመሰለች ሰውን «የማይቀጣጠል» ታሰኘው ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር በ1920ዎቹ «ፍላመብል» በሉ ብሎ አሳሰበ። ጥንታዊው ቃል እያለ አዲሱ የተመረጠው አንባቢ እንዳይቃጠል ነው። እንዲህ ላለው እርማት ባርኔጣዬን አነሣለሁ። «ሆፕፉሊ» ግን ማንን አቃጠለ? ዓረፍተ ነገሬን ያልተረዳ አንባቢ ይምጣና ይመስክርብኝ።

«የውጭ ሰው ደንቡን ይጠብቅ፤ እንግሊዞቹ እንዳሻቸው ይሁኑ» የሚል አይጠፋም። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ሁለተኛ ደረጃንና ዩኒቨርሲቲን በእንግሊዝኛ በሚማር አገር ሕግ ያስፈልጋል፤ እስማማለሁ። የቱ ሕግ? የአሶሺየትድ ፕሬስ የጋዜጠኞች መመሪያ፣ ያ ሲከለክል የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሆፕፉሊ»ን በእኔው ትርጉም ተቀብሎታል። ባለቤቱ የሻረውን ሕግ እኛ አገር ፈታኝ ሲያጸናው የሚወድቀው ልጅ የቋንቋ ችሎታ አላነሰውም፤ ያነሰው የፈታኙን የተማሪነት ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት ፈታኜ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ቀዩ ቀለም ደብዝዟል። ፈታኜ ይህን ካነበቡና መልስ ካላቸው ይጻፉ፤ ዓምዱ ለእርሳቸውም ክፍት ይመስለኛል። ሲጽፉ ግን በዝናቡ ሳይሆን በ«ናይስ» ይጀምሩልኝ።